የቢሮው ፋይል ሰርቨር በቪፒኤን አልከፈት ሲል ፖርት 445ን ለኢንተርኔት መክፈት ተገቢ ነውን?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ ባልደረቦች። በአንድ የሂሳብ አገልግሎት ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተሮችን የምከታተለው እኔ ብቻ ነኝ። ዋናው ቢሮ አዲስ አበባ፣ ቅርንጫፉ አዳማ ሲሆን የደንበኞቻችን ሰነዶች በሙሉ የሚገኙት አዲስ አበባ ባለው አንድ የዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ነው። ከቅርንጫፉና ከቤታቸው የሚሠሩ ባልደረቦች በመጀመሪያ ቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ ወደ ቢሮው ኔትወርክ የሚያስገባውን የተመሰጠረ መስመር) ያገናኛሉ፤ ከዚያም በሰርቨሩ ላይ የተጋራውን ፎልደር ይከፍታሉ።

ካለፈው ወር ጀምሮ ግን ችግሮች ተደራርበውብኛል። አዳማ ያሉት ሠራተኞች ፎልደሩን ከፍተው የፋይሎቹን ስም ያያሉ፤ ነገር ግን ትልቅ ፋይል መቅዳት ሲጀምሩ ጥቂት ሄዶ ቀጥ ይላል፣ በመጨረሻም ግንኙነቱ እንደተቋረጠ ይነግራቸዋል። ከቤት ከሚሠሩት አንዷ ቪፒኤኑ መገናኘቱን እያሳያት ሰርቨሩን ፈጽሞ አታገኘውም፤ የሚወጣላት ስህተት 53፣ ማለትም የኔትወርኩ መንገድ አልተገኘም የሚለው ነው። በሌላ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ሰርቨሩ በአይፒ አድራሻው ሲጠራ ይከፈታል፣ በስሙ ሲጠራ ግን መግባት ይከለክላል። በቅርቡ የገዛናቸው ዊንዶውስ 11 ያላቸው ኮምፒውተሮችም፣ ስካን የተደረጉ ሰነዶችን የምናስቀምጥበትንና ያለ የይለፍ ቃል የሚከፈተውን የኔትወርክ ማከማቻ አይከፍቱም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቪፒኤኑን ትቼ ራውተሩ ላይ የዊንዶውስ ፋይል መጋሪያ የሚያልፍበትን በር፣ ፖርት 445ን፣ እንድከፍት፣ አዲሶቹ ኮምፒውተሮች ላይም ኤስኤምቢ 1ን (ዊንዶውስ ፋይል የሚጋራበትን ፕሮቶኮል አሮጌ እትም) እንዳበራ መክሮኛል። ሰኔ 30 ስለተቃረበና ሁሉም ሰው የሂሳብ መዝጊያ ሥራ ላይ ስለሆነ ሥራ አስኪያጁም ፈጣን መፍትሔ ይፈልጋሉ። ምክሩን ብቀበል ምን ይከተላል?

የመጀመሪያው መልስ

እባክዎን ፖርት 445ን ለኢንተርኔት አይክፈቱ፤ ኤስኤምቢ 1ንም አያብሩ። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም። ማይክሮሶፍት በኤስኤምቢ 1 ላይ ለተገኘው ከባድ ቀዳዳ መጠገኛ ያወጣው መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ነበር። ከ59 ቀናት በኋላ፣ ግንቦት 4 ቀን፣ ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ በዚያው ቀዳዳ ገብቶ፣ ማንም ምንም ነገር ሳይጫን በፖርት 445 በኩል ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር በራሱ እየተሻገረ በዓለም ዙሪያ ተሰራጨ፤ በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች የታካሚ ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደርሰዋል። ዛሬም ለኢንተርኔት የተከፈተ ፖርት 445 ያለማቋረጥ ይፈተሻል። የእርስዎ ሰርቨር የያዘው የሌሎች ሰዎችን የሂሳብ ሰነድ ስለሆነ፣ ቢቆለፍ ወይም ቢሰረቅ ጉዳቱ ቢሮዎ ላይ ብቻ አይቀርም።

የዘረዘሯቸው ችግሮች መንስኤያቸው የተለያየ ነው፤ አንድ በር በመክፈት ሁሉም አይፈቱም። እኔ በአይፒ እየተከፈተ በስም እምቢ ስላለው ላፕቶፕ ልናገር። ስሙ ባይታወቅ ኖሮ ሰርቨሩ አልተገኘም ይል ነበር፤ እዚህ ግን ሰርቨሩ ተገኝቶ ነው መግባት የተከለከለው። ሰርቨሩን በስሙ ሲጠሩት ዊንዶውስ ማንነትዎን የሚያረጋግጠው ከርቤሮስ በተባለው ሥርዓት ነው፤ በአይፒ አድራሻ ሲጠሩት ግን በአብዛኛው ኤንቲኤልኤም ወደተባለው አሮጌ የማረጋገጫ ሥርዓት ይመለሳል። ከርቤሮስ ደግሞ ሰዓት ላይ ጥብቅ ነው፤ በላፕቶፑና በሰርቨሩ ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት ከ5 ደቂቃ እንዲበልጥ በመደበኛ ቅንብሩ አይፈቅድም።

ስለዚህ መጀመሪያ ሰዓቱን ይመልከቱ። በእኛ አገር ይህ ችግር ለየት ያለ መልክ አለው። የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ ሲደክም ሰዓቱ ይዛባል፤ ተጠቃሚው ሊያስተካክል ሲሞክር ግን ጠዋት 3 ሰዓት ስለሆነ 9:00 መሆን የሚገባውን 3:00 ብሎ ይሞላል። እንዲህ ሲሆን ኮምፒውተሩ በትክክል 6 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ዓመቱንም በእኛ አቆጣጠር የሞላ ሰው አይቻለሁ፤ ያ ኮምፒውተር የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስለሚሄድ የደኅንነት ሰርተፊኬቶችን ሁሉ ገና ሥራ ላይ ያልዋሉ አድርጎ ይቆጥራቸዋል። የሰዓት ክልሉን ናይሮቢ ላይ ያድርጉትና ሰዓቱን ከሰርቨሩ ጋር ያስተካክሉ። ሰዓቱ ትክክል ሆኖ ከተገኘ፣ ዊንዶውስ የይለፍ ቃሎችን በሚያስቀምጥበት በክሬደንሻል ማናጀር ውስጥ በሰርቨሩ ስም የተቀመጠ የቆየ የይለፍ ቃል መኖሩን አይተው ይሰርዙት።

ሁለተኛ መልስ

ከላይ በተሰጠው ምክር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። እኔ የምጨምረው ከቤት ሆና ሰርቨሩን ስላጣችው ባልደረባዎና ስለ አዳማው ቅርንጫፍ ነው።

ቤቷ ያለው ራውተር የሚሰጠው አድራሻ በምን እንደሚጀምር ይጠይቋት። አብዛኞቹ ራውተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ በ192.168.1 ወይም በ192.168.0 የሚጀምር አድራሻ ይዘው ነው። የቢሮውም የቤቷም አድራሻ በ192.168.1 የሚጀምር ከሆነ፣ ኮምፒውተሯ ሰርቨሩን እዚያው ቤቷ ውስጥ ያለ መሣሪያ አድርጎ ይወስደዋል፤ ጥያቄውንም ወደ ቪፒኤኑ አይልከውም። ቪፒኤኑ ተገናኝቶ ስህተት 53 የሚወጣውም ለዚህ ሊሆን ይችላል። ለጊዜው የቤቷን ራውተር አድራሻ መቀየር ይበቃል፤ ነገር ግን ነገ ሌላ ሠራተኛ ከቤቱ ሲሞክር ያው ስለሚደገም፣ የቢሮውን አድራሻ በ10 ወደሚጀምርና ብዙም ወዳልተለመደ ክልል ማዛወሩ ነው ዘላቂው መፍትሔ። ፕሪንተሮቹና ሰርቨሩ አብረው ስለሚቀየሩ ይህን በሥራ ቀን አይሞክሩት።

የአዳማውን በተመለከተ፣ ትንሹ አልፎ ትልቁ የሚቆም ከሆነ የፓኬት (መረጃው ተከፋፍሎ የሚላክበት ቁራጭ) መጠን ችግርን መጠርጠር ይገባል። በተለመደው ኔትወርክ አንድ ፓኬት እስከ 1500 ባይት ይይዛል። ቪፒኤኑ እያንዳንዱን ፓኬት መስጥሮ በሌላ ፓኬት ውስጥ ስለሚጠቀልለው፣ ሙሉውን 1500 የያዘው ከነመጠቅለያው ከመስመሩ አቅም ያልፋል። በመንገድ ላይ ያለ አንድ ፋየርዎል ፓኬቱ መተለቁን የሚናገረውን መልእክት ካገደ ደግሞ ላኪው ሳያውቅ ያንኑ ደጋግሞ ይልካል። የፋይል ስም ዝርዝር በትንንሽ ፓኬቶች ስለሚያልፍ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል።

ለመፈተሽ ከአዳማ ሆነው ቪፒኤኑን ያገናኙና፣ ፒንግ በተባለው የግንኙነት መሞከሪያ ትእዛዝ፣ ፓኬቱ እንዳይከፋፈል በሚያደርገው አማራጭ፣ ሰርቨሩን በ1472 ባይት ይሞክሩት። 1472 ላይ 28 ባይት ራስጌ ሲጨመር 1500 ስለሚሆን ነው ከዚያ የምንጀምረው። ካላለፈ እስኪያልፍ ድረስ ቁጥሩን ይቀንሱ፤ ያለፈው ትልቁ ቁጥር ላይ 28 ሲደምሩ የሚያገኙትን በቪፒኤኑ ቅንብር ውስጥ የፓኬት መጠን ገደብ አድርገው ያስገቡት። ራውተሩ ላይ ማስተካከል ከቻሉ እያንዳንዱን ኮምፒውተር መንካት አያስፈልግዎትም።

ሦስተኛ መልስ

ስለ አዲሶቹ ኮምፒውተሮች ብቻ በአጭሩ ልመልስ። ከ24ኤች2 እትም ጀምሮ ዊንዶውስ 11 ፕሮ የኤስኤምቢ ግንኙነት ሁሉ እንዲፈረም፣ ማለትም መልእክቱ በመንገድ ላይ አለመለወጡ በቁልፍ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል፤ በእንግድነት ያለ የይለፍ ቃል መግባትንም አይቀበልም። ሁለቱ ነገሮች የተያያዙ ናቸው፤ የመፈረሚያው ቁልፍ የሚገኘው ከተጠቃሚው መግቢያ ስለሆነ፣ የይለፍ ቃል የሌለው እንግዳ የሚፈርምበት ቁልፍ የለውም። ይህን ጥበቃ ማጥፋት ይቻላል፤ ግን ያለ የይለፍ ቃል የተተወው ማከማቻው እንጂ ጥፋቱ የኮምፒውተሮቹ ስላልሆነ፣ ማከማቻው ላይ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይፍጠሩ፤ ዝቅተኛውን የፕሮቶኮል ደረጃም ቢያንስ ኤስኤምቢ 2 ላይ ያድርጉት። ስካነሩ አርጅቶ ኤስኤምቢ 1 ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ሰነዱን በኢሜይል እንዲልክ ያድርጉት እንጂ ለእርሱ ሲሉ ቢሮውን በሙሉ ወደ ኋላ አይመልሱ።

የጠያቂው ምላሽ

ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የላፕቶፑ ሰዓት እንደተባለው 6 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ አገኘሁት፤ ባትሪው ተቀይሮ ሰዓቱ ሲስተካከል ሰርቨሩ በስሙ ተከፈተ። ከአዳማ 1472 አላለፈም፤ 1372 ላይ ስላለፈ ገደቡን 1400 አደረግሁት፣ ትልልቆቹ ፋይሎችም ሳይቆሙ ተቀዱ። የሠራተኛዋ ቤትና ቢሯችን አድራሻቸው አንድ ነበር፤ ለጊዜው የቤቷን ቀይሬያለሁ፣ የቢሮውን ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ በአንድ እሑድ እቀይረዋለሁ። ለማከማቻውም የተጠቃሚ ስም እየፈጠርሁ ነው። ሥራ አስኪያጁ የዋናክራይን ታሪክ ሲሰሙ ፖርት 445ን የመክፈቱ ሐሳብ እንዲቀር ተስማምተዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ አሁን መስመሩ ከተስተካከለ፣ አዳማ ያሉት ሂሳብ ሠራተኞች የሂሳብ ፕሮግራማችንን የፒችትሪን ፋይል በተጋራው ፎልደር በኩል ቢከፍቱት ችግር አለውን?

የመጀመሪያው መላሽ

አዎን፣ ችግር አለው። ሰነድና የኤክሴል ፋይል በዚህ መንገድ መክፈት ይቻላል፤ የፒችትሪ የመረጃ ቋት ግን የተሠራው በአንድ ሕንፃ ውስጥ ላለ ፈጣን ኔትወርክ ነው። በመጻፍ ላይ እያለ መብራት ሄዶ ወይም መስመሩ ተቋርጦ ግማሽ ላይ ከቀረ የኩባንያው ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ሠራተኞቹ ቪፒኤኑን ካገናኙ በኋላ አዲስ አበባ ባለ ኮምፒውተር ላይ በሪሞት ዴስክቶፕ (የሌላን ኮምፒውተር ስክሪን ከሩቅ ከፍቶ መሥሪያ) ገብተው ይሥሩ፤ መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ ፕሮግራሙ እዚያው እንደተከፈተ ስለሚቆይ ተመልሰው ያቆሙበትን ያገኙታል። ለዚህም ቢሆን የሪሞት ዴስክቶፕን በር፣ ፖርት 3389ን፣ ለኢንተርኔት አይክፈቱ፤ ከቪፒኤኑ ውስጥ ብቻ እንዲደረስበት ያድርጉ።