በመረሬ ጭቃና በደጀን ቁልቁለት ለሚነዳ ሞተር ሳይክል የትኛውን ፍተሻ ራሴ ልሥራ?

የቢቸናው መምህር

እንደምን ሰነበታችሁ? ከአንድ ዓመት በፊት ያገለገለች 150 ሲሲ ሞተር ሳይክል ገዝቼ ከቤቴ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ወላጆቼን ለመጠየቅ ወደ ገጠር እመላለስባታለሁ። የአካባቢያችንን መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በበጋ አቧራው ዓይን አያስገልጥም፣ ሰኔ ከገባ በኋላ ደግሞ የመረሬው ጭቃ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል እየታጨቀ ጎማውን እስኪያስቆመው ድረስ ይይዘዋል።

ለመጠየቅ ያነሣሣኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ሰሞን ለጉዳይ ወደ ጎሐ ጽዮን ስሻገር፣ ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ በሚወስደው ቁልቁለት አጋማሽ ላይ የኋላው ፍሬን ፔዳል ከእግሬ ሥር እየጠለቀ ሄዶ በመጨረሻ ምንም አልይዝ አለኝ። በፊት ፍሬንና በማርሽ እየታገልሁ ወደ ዳር አውጥቼ አቆምኋት። ግማሽ ሰዓት ያህል አርፌ ብሞክረው ፍሬኑ እንደ ቀድሞው ሆኖ አገኘሁት። በማግስቱ ለመካኒክ ባሳየው ዳዶውን ሁለት ዙር አጥብቆ «ምንም የለባትም፣ ዝም ብለህ ንዳ» አለኝ። ካቴናዋም ሽፋኑን እየመታች ትንኳኳለች።

ስገዛት የአምራቹ መመሪያ መጽሐፍ አብሮ አልተሰጠኝም። ፍሬኑ ለምን እንደዚያ እንደሆነ፣ ከመንዳቴ በፊት ራሴ ምን ማየት እንዳለብኝ፣ የትኛውንስ ለባለሙያ መተው እንደሚገባኝ የምታውቁ ብታስረዱኝ ታላቅ ውለታ ነው።

ከማርቆስ፣ ሞተር ጠጋኝ

መምህር፣ በቅድሚያ እንኳን ከዚያ ቁልቁለት በሰላም ወጡ። የነገሩን ሁሉ የጋለ ፍሬን ምልክት ነው። በድራም ፍሬን ውስጥ ያሉት ሁለት ሸራዎች ወደ ውጭ ተገፍተው የድራሙን የውስጥ ግድግዳ በመፈተግ ነው ጎማውን የሚይዙት። ፍትጊያው በረዥም ቁልቁለት ላይ ሳይቋረጥ ሲቀጥል ድራሙ ይግልና ይሰፋል፤ ሲሰፋ ሸራው እርሱ ዘንድ ለመድረስ ይበልጥ መጓዝ ስላለበት ፔዳሉ ይጠልቃል፣ ሸራው ራሱም ከልክ በላይ ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። ከደጀን አፋፍ እስከ ድልድዩ መንገዱ ከ1000 ሜትር በላይ ስለሚወርድና ወደ ታች በተጠጉ ቁጥር የበረሃው ሙቀት ስለሚጨመርበት፣ እግርን ከፔዳል ላይ ሳያነሡ መውረድ የትኛውንም ፍሬን ያሸንፈዋል። መካኒኩ ምንም የለባትም ማለቱም አይግረምዎት፤ እርሱ ያየው የቀዘቀዘውን ፍሬን ነው።

መድኃኒቱ የሚጀምረው ከአፋፉ ላይ ነው። ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ የሚለው የቆየ የከባድ መኪና ሾፌሮች ብልሃት ለሞተርም ይሠራል። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ ያድርጉ፤ ፍሬኑን ሲፈልጉ የፊቱንና የኋላውን አብረው ጠበቅ አድርገው ይይዙና ፍጥነቱ ሲቀንስ ሙሉ በሙሉ ይለቁታል፤ በመካከሉ ያለው ጊዜ ለድራሙ ማረፊያው ነው። ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ ፍሪሲዮን ይዞ ወይም ሞተር አጥፍቶ መንከባለል ግን፣ ብዙ ሰው ሲያደርገው ባይም፣ ጥቂት ሳንቲም አትርፎ ነፍስን መያዣ ማድረግ ነው።

አሁን ወደ ዳዶው እንምጣ። ሁለት ዙር መጥበቁ ስህተት አይደለም፤ ነገር ግን ሸራው አልቆ ከሆነ ማጥበቁ ድካሙን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። ስለዚህ ሁለት ነገር ይመልከቱ። አንደኛው፣ ፔዳሉን በእጅዎ ሲጫኑት ፍሬኑ መያዝ እስከሚጀምር ድረስ ያለው ባዶ ጉዞ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል መሆን አለበት። ሁለተኛውና ብዙ ሰው የማያየው፣ ጎማው እምብርት አጠገብ ዘንጉ የሚገባበት አጭር ክንድ ነው። ሰው ፔዳሉን አጥብቆ እንዲረግጥልዎ አድርገው ከጎን ሲያዩት፣ ክንዱና ዘንጉ የሚሠሩት ማዕዘን ከ90 ዲግሪ አልፎ ከሆነ ወይም በክንዱ ሥር ያለችው ቀስት ከተጻፈላት ምልክት ወጥታ ከሆነ ሸራው አልቋል፤ ይቀየር። ክንዱን ከጥርሱ ነቅሎ ወደ ኋላ መልሶ መግጠም የሚባለውን ዘዴ ማንም ቢመክርዎ እሺ አይበሉ፤ ቀስቷም ምስክርነቷን ታጣለች።

ካቴናውን በተመለከተ፣ ካቴናው በሚዞርባቸው በፊቱና በኋላው ጥርሶች መካከል የታችኛውን ክፍል በጣትዎ ወደ ላይና ወደ ታች ሲያንቀሳቅሱት ጨዋታው በአብዛኞቹ የመንገድ ሞተሮች ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለገጠር ሥራ የተሠሩት ረዣዥም ሾክ ያላቸው ሞተሮች ከዚህ ይበልጥ ይፈልጋሉ። ካቴና በሁሉም ቦታ እኩል አያልቅም፤ ስለዚህ ጎማውን ቀስ እያሉ አዙረው በጣም የተወጠረበትን ቦታ ፈልገው እዚያ ላይ ይለኩ። ካላደረጉ የላላውን አጥብቀው የተወጠረውን ይበጥሱታል። ሲያስተካክሉ በግራና በቀኝ ያሉት ጭረቶች እኩል መሆናቸውን ይዩ፤ ጎማው ወደ ኋላ ሲሳብ የኋላው ፍሬን ዘንግም አብሮ ስለሚወጠር ከካቴና በኋላ ሁልጊዜ ፍሬኑን መልሰው ያስተካክሉ። ይህችን የምትረሳ እጅ ብዙ ናት፤ ፍሬኑ እየፈተገ ሲሄድ ቆይቶ ቁልቁለት ላይ ቀድሞ ይግላል። የእርስዎም ፍሬን እንዲያ እየፈተገ ከርሞ ሊሆን ይችላል፤ ጎማውን አንሥተው ያሽከርክሩትና ያዳምጡት።

አንድ ነገር ልጨምር። ካቴናውን የሚያገናኘው ባለ ቅንጥብ ማያያዣ አለ፤ የቅንጥቡ የተዘጋው ጫፍ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ፣ ክፍቱ ጫፍ ወደ ኋላ መሆን አለበት። ተገልብጦ ከተገጠመ ድንጋይ ወይም ጭራሮ ገፍቶ ያወጣዋል። በነጭ ጋዝና በብሩሽ ያጽዱት፤ ቤንዚን ባለ ጎማ ቀለበት ካቴናን ይጎዳል። ከደረቀ በኋላ 90 ቁጥር የማርሽ ዘይት በውስጠኛው በኩል ያንጠባጥቡ። ይህን ሁሉ ሞተሩን አጥፍተው፣ ጎማውን በእጅዎ እያዞሩ ብቻ ያድርጉ። ሞተር አስነሥቶ በማርሽ እያሽከረከረ ካቴና የሚጠርግ ሰው ጣቱን ሲያጣ በዓይኔ አይቻለሁ።

የፍኖተ ሰላሙ ነጂ

የማርቆሱ ወንድማችን በደንብ አስረድቷል፤ እኔ ስለ ሞተር ዘይት ልናገር፣ በራሴ ጥፋት ስለተማርሁት። የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን በአብዛኛው በዚያው በሞተሩ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሠራው። እኔ ይህን ሳላውቅ ጎረቤቴ ለመኪናው ከገዛው ዘይት የተረፈውን ቀዳሁበት። አንዳንድ የመኪና ዘይቶች ፍትጊያን የሚቀንስ ንጥረ ነገር ስለሚጨመርባቸው የፍሪሲዮኑ ሳህኖች መንሸራተት ጀመሩ፤ ዳገት ላይ ነዳጅ ስሰጠው ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ጎማው አይከተለውም ነበር። ሳህኖቹን መለወጥ ግድ ሆነብኝ። ስለዚህ ቆርቆሮው ላይ ጃሶ ኤምኤ የሚል ምልክት ይፈልጉ፤ ከነዚህ ሳህኖች ጋር የሚስማማ መሆኑን የሚያሳይ የጃፓኖች ደረጃ ነው። ለ150 ሲሲ ሞተሮች ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው 20ደብልዩ-50 ነው፤ የሚይዘውም ከአንድ ሊትር ብዙም አይርቅም።

የመቀየሪያው ጊዜ ላይ ጠጋኞች «በየ1000 ኪሎ ሜትር» ሲሉ፣ የአምራቾች መጽሐፍ ደግሞ ብዙ እጥፍ ሲያስኬድ እሰማለሁ። መጽሐፉ የተጻፈው ለአስፋልት ነው፣ ምክሩ የተሰጠው ዘይት በሚሸጥ ሰው ነው። እኔ በአቧራ ወራት በየ2000፣ በአስፋልት በየ3000 ኪሎ ሜትር እቀይራለሁ። ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ መጠኑን በየሳምንቱ ማየት ይጠቅማል፦ ሞተሩ ትንሽ ከሠራ በኋላ ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ፣ በመካከለኛው ማቆሚያ ቀጥ ብሎ ይቁም እንጂ በጎን ማቆሚያው ተጋድሞ አይለካ። ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ካገኙት ውሃ ገብቶበታልና ሳይነዱ ያስቀይሩት፤ ጎርፍ ከተሻገሩ በኋላ ይህን ማየት አይርሱ።

የአየር ፊልትሮውንም እንዲሁ። ከስፖንጅ የተሠራው በሳሙና ውሃ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ ዘይት በጥቂቱ ተቀብቶ ይመለሳል፤ የወረቀቱ ግን አይታጠብም፣ ይቀየራል። ካንዴላዎ ሲፈታ በደረቅ ጥላሸት ጠቁሮ ካገኙት ደግሞ ወዲያው አይደንግጡ። ማርቆስ ከ2400 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ካርቡሬተሩ ግን ቤንዚኑን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ቤንዚን ይበዛል። የእኛ ፍኖተ ሰላም ከማርቆስ ዝቅ ስለምትል ነገሩ በመጠኑ ይቀንሳል። ፊልትሮው ንጹሕ ሆኖ ጥቁረቱ ከቀጠለ ያን ጊዜ ለባለሙያ ያሳዩት፤ ካርቡሬተር መነካካት የእኛ ሥራ አይደለም።

የዳንግላዋ ነርስ

እኔ በሥራዬ ምክንያት ነገሩን ከሌላኛው ወገን ስለማየው አንድ ሁለት ነገር ልበል። ካቴናው ሽፋኑን ይመታል ብለዋል፤ መምታቱ ብቻ ሳይሆን ሽፋኑ መኖሩም መታየት አለበት። ሽፋኑ ተሰብሮ «ያለ እርሱም ይሄዳል» ተብሎ በተተወ ሞተር ላይ በአንድ ጎን የተቀመጡ እናት የነጠላቸው ጫፍ ካቴናው ውስጥ ገብቶ ከነጠላው ጋር ወደ ኋላ ተጎትተው ሲወድቁ ያመጡልን ጊዜ አለ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው እኋላዬ ሲቀመጥ ነጠላውን ወይም ጋቢውን አጣፍቶ ወገቡ ላይ ሳያስር፣ እግሩንም መርገጫው ላይ ሳያሳርፍ አልነቃነቅም። ሰው ቅር ቢለውም ግድ የለኝም።

ጠዋት ከመነሣቴ በፊት ሞተሯን አንድ ጊዜ እዞራታለሁ፤ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ጎማውን በዓይኔ ብቻ ሳይሆን በእጄም ዳብሼ ሚስማርና ስንጥቅ እፈልጋለሁ፤ ግፊቱን በሳምንት አንድ ቀን ጎማው ሳይሞቅ አስለካለሁ። የእኔ ሞተር የፊቱ 25፣ የኋላው ብቻዬን 28፣ ሰው ስጭን 32 ፒኤስአይ ነው፤ የእርስዎ በካቴናው ሽፋን ወይም በሻሲው ላይ ተለጥፎ ሊገኝ ይችላል። ከዚያ የፊቱን ፍሬን ይዤ የኋላውን መብራት አያለሁ፣ ፔዳሉንም ረግጬ እንደገና አያለሁ፤ ሁለቱም ለየብቻቸው ማብራት አለባቸው። ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ መስታወት። መጨረሻ ላይ የጎን ማቆሚያው መታጠፉን፤ ወርዶ የቀረ ማቆሚያ ወደ ግራ ስንታጠፍ መሬት ይነክሳል።

አዲስ ጎማ ሲገዙ በጎኑ ላይ ያሉትን አራት አኃዞች ያንብቡ። 2319 ቢል በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው፤ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ መደርደሪያ ላይ የደረቀ ጎማ በዝናብ ጊዜ አስፋልት ላይ ክፉ ነው። ስለ ራስ ቁር ብዙ አልልም፤ አገጭ ሥር ካልታሰረ ባርኔጣ ነው። አንድ ጊዜ መሬት የመታውን ደግሞ ከውጭ ደኅና ቢመስልም አልጠቀምበትም፤ ምቱን የሚውጠው የውስጡ ስፖንጅ አንዴ ከተጨመቀ አይመለስም።

የቢቸናው መምህር

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ጓደኛዬን ፔዳሉን አስረግጬ ከጎን ተቀምጬ አየሁት፤ ክንዱ ከ90 ዲግሪ በግልጽ አልፏል፣ ቀስቷም ከምልክቷ ወጥታለች። ጎማውን አንሥቼ ሳሽከረክረው ደግሞ በአንድ ቦታ «ሽ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ካቴናውን በነጭ ጋዝ አጥቤ ጭቃው ሲለቅ ቅንጥቡ ተገልብጦ መገጠሙን አገኘሁ፤ የኋላው ጥርስም እንደ ማጭድ ጫፍ ወደ አንድ ወገን ጎብጧል። ሸራውን አስቀይሬአለሁ። ጥርሱንና ካቴናውን ግን አንዱን ብቻ ልቀይር ወይስ ሁሉንም? ማክሰኞ ዓባይን መሻገር አለብኝ።

ከማርቆስ፣ ሞተር ጠጋኝ

መምህር፣ የፊቱን ጥርስ፣ የኋላውንና ካቴናውን አንድ ላይ ይቀይሩ፤ በጎበጠ ጥርስ ላይ የተገጠመ አዲስ ካቴና በጥቂት ጊዜ አሮጌውን ይመስላል። አዲሱ ሸራ ደግሞ ከድራሙ ጋር ገጥሞ ሙሉ በሙሉ የሚይዘው ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በለስላሳ አያያዝ ከተነዳ በኋላ ነው። የማክሰኞውን መንገድ በአውቶቡስ ይሂዱ።