የጀልባዬ ኤሌክትሪክ ሞተር ነከሰ፤ ፕሮፔለሩ አልዞር አለኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዓሣ የማጠምድበት ጀልባ ላይ የገጠምኩት ባለ 12 ቮልት ኤሌክትሪክ ሞተር ትናንት ቆመብኝ። ሣር በበዛበት ውሃ ቀስ ብዬ እየሄድኩ ነበር። መጀመሪያ አቃሰተ፣ ከዚያ ፕሮፔለሩ ቀጥ አለ። ስከፍተው እምም ይላል፣ አይዞርም። ደግሜ ስሞክር ብሬከሩ ወደቀ። ባትሪውን ስለካው 12.6 ቮልት አለው። ሣሩን አጽድቻለሁ፣ ለውጥ የለም። በእጄ ሳዞረው በጣም ይከብዳል። ምን ላድርግ?

መልስ 1፦ ባትሪህ ደህና ነው። እባክህ ደግመህ እንዳትከፍተው። ታንቆ የቆመ ሞተር ከሚዞረው በጣም የበለጠ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅልል ይቃጠላል። ብሬከሩ የወደቀው ሊያድንህ ነው። መጀመሪያ ገመዱን ከባትሪው ንቀል። ይህን ሳታደርግ እጅህን ፕሮፔለሩ አጠገብ አታድርስ። ከዚያ ዳዶውን ፍታና ፕሮፔለሩን አውጣ። ሣሩ ከውጭ ነው የሚታየው፣ ናይለን ክር ግን ከፕሮፔለሩ ኋላ ተደብቆ ሻፍቱ (ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ዘንግ) ላይ ይጠመጠማል። ፕሮፔለሩን ከሻፍቱ ጋር የሚያይዘው ፒንም ተጣሞ እንደሆነ እየው።

መልስ 2፦ ዘይት ንፋበትና ሻፍቱን በፒንሳ ይዘህ በኃይል አዙረው፣ ይለቃል።

መልስ 3፦ በፒንሳስ አይሆንም ወንድሜ። ሻፍቱ ከተጫረ አዲስ ሲል (ውሃ እንዳይገባ የሚያትመው ጎማ) ብትገጥምለትም ውሃ ያስገባል። ይልቅ ይህን ሞክር። ገመዱ ከባትሪው እንደተነቀለ፣ ሁለቱ ጫፎች ሳይነካኩ ሻፍቱን በእጅህ አዙር። ውስጡ ማግኔት ስላለ ትንሽ እየያዘ እየለቀቀ መዞሩ ጤና ነው። ከዚያ ሁለቱን ጫፎች አነካክተህ አዙር፣ ይከብድሃል። ሳይነካኩም ያን ያህል ከከበደ ግን ገመዱ ወይም መቆጣጠሪያው የሆነ ቦታ ሾርት አድርጓል። ጭራሽ ካልተነቃነቀ ችግሩ የኤሌክትሪክ አይደለም፣ የሆነ ነገር ይዞታል።

ጠያቂው፦ አወጣሁት! ከፕሮፔለሩ ኋላ ክሩ እንደ ማጠንጠኛ ጥቅጥቅ ብሎ ተጠቅልሏል፣ የፍትጊያው ሙቀት አቅልጦት ጠንካራ ቀለበት ሆኗል። በምላጭ ቆርጬ አነሳሁት። ፒኑ ደህና ነው። ሻፍቱ አሁን ይዞራል፣ ግን ይፈጫል። ሞተሩን ሳዘነብለው ደግሞ ቡናማ ውሃ ጠብ ጠብ አለ።

መልስ 1፦ ክሩ ሲሉን ቆርጦታል ማለት ነው። ቡናማው ዝገት ነው። ዛሬ ስለዞረ ብለህ ውሃ ላይ እንዳታወጣው፣ እንዲህ እንዳለ ቢቀመጥ ኩሽኔታውን ይበላዋል።

መልስ 4፦ እኔም ደርሶብኛል። ሲከፈት አስቸጋሪው ማግኔቱ ነው። መሃሉ ያለው ክፍል ሲመለስ በኃይል ስለሚሳብ ጣት ይቆነጥጣል፣ ተጠንቀቅ። ከመክፈትህ በፊት መገጣጠሚያው ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርግ፣ በዚያው እንዲመለስ። ብሩሾቹ (ኤሌክትሪክ ወደሚዞረው ክፍል የሚያደርሱት ካርቦኖች) በስፕሪንግ የተያዙ ስለሆኑ እንዳይፈናጠሩ ቀስ በል። ማግኔቶቹንም በጣትህ ነካ ነካ አድርግ። ሙጫው ለቅቆ አንዱ ከተነቀነቀ የፈጨው እሱ ነው። ዝገቱን ጠርገህ፣ በደንብ አድርቀህ፣ ሲሎቹን ሁሉንም ቀይር። አንዱን ብቻ መቀየር ድካም ማብዛት ነው።

ጠያቂው፦ ማግኔቶቹ ጠንካራ ናቸው። ዝገቱ ነበር የሚፈጨው። ሲሎቹን ቀይሬ ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ ሞከርኩት፣ ያለ ድምፅ ይዞራል። ሌሊቱን እዚያው ላሳድረውና ጠዋት ውሃ አስገብቶ እንደሆነ አያለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

መልስ 3፦ ደስ ይላል። ከእንግዲህ ክር በተጠመጠመ ቁጥር የዚያኑ ዕለት ፕሮፔለሩን አውጥተህ እየው። ዳዶዋን ስትመልስ ደግሞ ጠበቅ አድርጋት እንጂ አታስጨንቃት።