ዱንጉር የማን ቤት ነው? «ከሥሩ አለ» ለምትሉ

ጠራቢው፦ ትናንትም አንድ የቴሌቪዥን ዘገባ አክሱም ያለውን የዱንጉር ፍርስራሽ «የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት» አለልን፤ ለይስሙላ እንኳ «ይባላል» የለም። አርኪዮሎጂስቱ ፍራንሲስ አንፍሬ እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1968 የቆፈረው ሕንፃ የ6ኛው ወይም የ7ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ከልደት በኋላ! ከሰሎሞን ዘመን በ1,500 ዓመት ገደማ ይርቃል።

የማክዳ ልጅ፦ የላይኛውን ማን ካደ? የሷ ከሥሩ ነው። የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲው አርኪዮሎጂስት ዚገርት እ.ኤ.አ. በ2008 ከሥሩ የ10ኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደት ቤተ መንግሥት አገኘሁ ብሏል።

ጠራቢው፦ «ከሥሩ»! ላም አለኝ በሰማይ ስንል ኖረን ላሟ ጭራሽ መሬት ገባች? ማለትማ ማንም ይላል። ከወለሉ በታች ያልተነካ የአፈር ንብርብር፣ ከዚያው ውስጥ የወጣ ዘመኑ የሚለካ ከሰል ወይም ገል አሳዩን። የመሠረት ቦይ ሲቆፈር የጥንቱ ገል ወደ ላይ ወጥቶ ከአዲሱ ጋር ይደባለቃል፤ በአንድ አሮጌ ገል ቤተ መንግሥት አይቆምም።

የማክዳ ልጅ፦ ዚገርት ሕንፃው ወደ ሲሪየስ ኮከብ ዞሯል ማለቱስ?

ሰርክ አዲስ፦ ሰማዩ ሙሉ ኮከብ ነው፤ አራት ጎን ያለው ቤት አንዱን ሳያይ አይቀርም 😂

የማክዳ ልጅ፦ እናንተ ፈረንጅ ካልመሰከረ አታምኑም።

ጠራቢው፦ ዚገርት የመንዝ ልጅ ነው እንዴ?

ሰርክ አዲስ፦ እኔን የሚያንገበግበኝ «ቤተ መንግሥት» የሚለው ነው። 50 ያህል ክፍል፣ 3,250 ካሬ ሜትር ገደማ፤ የመኳንንት ቤት ቢሆንስ? እዚያው አክሱም የነበረው የተዓካ ማርያም ሕንፃ ከሱ ይሰፋል። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1906 ለክተው የተዓካ ማርያምን ፕላን ባያነሱት፣ ጣሊያን መንገድ ሲያወጣበት ወሬው እንኳ ባልቀረ።

ጠራቢው፦ ስለ ስፋት ሌላ ቦታ። ግድግዳውን እይ፦ ትንንሽ ድንጋይ በጭቃ፣ ማዕዘኑ ላይ ጥርብ ድንጋይ፣ በየጥቂት ሜትሩ ገባ ወጣ ያለ፣ ከፍ ሲል በእርከን እየጠበበ። ጥርት ያለ የአክሱም አሠራር። ከአክሱም ዘመን የቀደመውን የፈለገ አክሱም አቅራቢያ ወዳለችው የሐ ይሂድ፤ የቤተ መቅደሱ ጥርብ ድንጋይ ያለ ጭቃ ነው የተገጠመው። እሱም ቢሆን ከሰሎሞን በኋላ ነው።

የማክዳ ልጅ፦ ክብረ ነገሥትንም ልትሽር ነው?

ጠራቢው፦ ክብረ ነገሥትማ ከተማዋን ደብረ ማክዳ ይላታል። ዱንጉር የሚለውን ከየት አመጣኸው?

የማክዳ ልጅ፦ ደብረ ማክዳ የት ነበረች ታዲያ? ንገረና!

ሰርክ አዲስ፦ ከሥሩ።