የብዝኃነት መግለጫ የመምህራን ቅጥር ማጣሪያ መሆን አለበት?

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለመምህርነት የሚያመለክት ሰው የሚጽፈው የብዝኃነት መግለጫ (በዘር፣ በጾታና በኑሮ ለሚለያዩ ተማሪዎች ምን እንደሠራና ምን እንዳቀደ የሚገልጽበት ጽሑፍ) ነጥብ የሚሰጠው እንዴት ነው? የምርምር ሥራው ሳይታይ ሰው ይጥላል የሚሉት እውነት ነው?

መልስ 1፦ ይጥላል እንጂ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ የሆነውን በርክሌይን እይ፤ በ2018-19 እ.አ.አ. ለሕይወት ሳይንስ ቅጥር መሠረታዊ መስፈርቱን ያሟሉ 893 ማመልከቻዎች መጡ፤ በመግለጫቸው ብቻ ተመዝነው ያለፉት 214 ናቸው። ነጥቡ ለሦስት ነገር ነበር፦ ስለ ብዝኃነት ላለው እውቀት፣ እስካሁን ለተሠራው፣ ለወደፊት እቅድ፤ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 5። «ተማሪን ሁሉ በእኩል ዓይን አያለሁ» ብቻ ብሎ የተወው ከታች ነበር የሚቀረው። ይሄ የብዝኃነትን አነጋገር ማን እንደለመደ ነው የሚለካው፣ ሌላ አይደለም።

መልስ 2፦ ጥፋቱ የቅደም ተከተሉ ነው ባይ ነኝ። ለቃለ መጠይቅ ከቀሩት አምስት ስድስት ሰዎች ፋይል ጋር ቢነበብ ይጠቅማል፤ ያውም ስንት ተማሪ እንዳማከረና ስንቱ እንደተመረቀ ከተጻፈበት። ደረቅ «እደግፋለሁ» ወረቀት መፍጀት ነው።

መልስ 3፦ ኤምአይቲ (የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም) በ2024 እ.አ.አ.፣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በማርች 2025 መግለጫውን መጠየቅ አቁመዋል። በማንኛውም መሥሪያ ቤት ቅጥር ላይ ደግሞ የ1964ቱ የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ በዘርም በጾታም መርጦ መቅጠርን ይከለክላል፤ በጁን 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኤምስ የተባለች ሠራተኛ ባቀረበችው የአድልዎ ክስ ላይ፣ ከብዙኃኑ ወገን የሆነ ከሳሽ ከሌሎች የተለየ ተጨማሪ ማስረጃ አይጠየቅም ብሏል። ለቀጣሪ የሚያዋጣው ማስታወቂያውን ከተለመደው ሰፈር ውጭ ማድረስ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ማቅረብ፣ የአመልካቹን ነጥብ ኮሚቴው ከመወያየቱ በፊት እያንዳንዱ አባል ለብቻው እንዲሞላ ማድረግ ነው። ከውይይት በኋላ ከተሞላ ሁሉም የሰብሳቢውን ነጥብ ነው የሚገለብጠው።