ፉርን አጥፍቼ ሶድ-ቢ ለምን ወረደ?

ማርታ (ጠያቂ)፦ ሰላም ጓዶች፣ አንድ ውጤት ግራ አጋብቶኛል። ፉር የተባለው ፕሮቲን ብረት ሲይዝ ብረት ሰብሳቢ ጂኖችን ያፍናል፣ ብረት ሲጠፋ ይለቃቸዋል፣ አይደል? የላብ ኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ላይ የፉርን ጂን አጥፍቼ አር ኤን ኤውን ስለካ የኢንተሮባክቲን (ባክቴሪያው ብረት ለመሰብሰብ ወደ ውጭ የሚልከው ሞለኪውል) ጂኖች እንደጠበቅኩት ጨመሩ፤ ሶድ-ቢ ግን፣ ማለትም ብረት የሚጠቀመውን ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ (ጎጂ ኦክስጅንን የሚያከሽፍ ኢንዛይም) የሚሠራው ጂን፣ ጭራሽ ወረደ። ደጋግሜ ብሠራውም ያው ነው። አፋኙ ተነስቶ ጂን እንዴት ይቀንሳል?

ቢኒ፦ አይዞሽ፣ ውጤትሽ ልክ ነው። መሃል ላይ ራይ-ቢ የምትባል አር ኤን ኤ አለች። ትንሽ ናት፣ 90 ኑክሊዮታይድ ገደማ። ፉር ብረት ሲይዝ እሷንም ያፍናታል። ፉር ሲጠፋ በገፍ ትመረታለች፣ ኤችኤፍኪው በተባለ ፕሮቲን እየታገዘች የሶድ-ቢ መልእክተኛ አር ኤን ኤ ላይ ትለጠፋለች፣ ከዚያ አር ኤን ኤዝ-ኢ የተባለው አር ኤን ኤ ቆራጭ ኢንዛይም መጥቶ ይቆራርጠዋል። ፉር አፋኟን ስለሚያፍን ከሩቅ ሲያዩት አነቃቂ ይመስላል። ይህን ተመራማሪዎቹ ማሴ እና ጎትስማን በ2002 አሳዩት። ባክቴሪያው የሚያደርገው ያው ገቢ ሲያንስ ወጪ መቀነስ ነው፦ በሽታ አምጪዎቹ ሰውነት ውስጥ ሲገቡ ትራንስፈሪን የተባለው የደም ፕሮቲን ብረቱን ጠፍሮ ስለሚይዝባቸው ሲደሮፎር (እንደ ኢንተሮባክቲን ያለ ብረት ሰብሳቢ ሞለኪውል) መላክ ብቻ አይበቃቸውም፣ ብረት የሚፈጁ ፕሮቲኖችንም ያቆማሉ። ሶድ-ኤን ለክተሻል? ማንጋኒዝ የሚጠቀመው ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ ጂን ነው፣ እሱ መጨመር አለበት።

ሄለን፦ ቢኒ ያለው ላይ ልጨምር። ማረጋገጥ ከፈለግሽ ራይ-ቢንም አብረሽ አጥፊ፣ ሶድ-ቢ መመለስ አለበት። ከአር ኤን ኤ በፊት የሚሠራ ርካሽ ሙከራም አለ፦ የካርቦን ምንጩ ሰክሲኔት ብቻ የሆነ ሚዲያ ላይ ዝሪያቸው። ፉር የሌለው አያድግም፣ ምክንያቱም ራይ-ቢ ሰክሲኔትን ለመጠቀም የሚያስፈልገውን፣ ብረት ያለበትን የሰክሲኔት ዲሃይድሮጅኔዝ ኢንዛይም አር ኤን ኤም ታስበላዋለች፤ ሁለቱም የጠፉበት ግን ያድጋል። ጂኑ ያልተነካውን ዝርያ ደግሞ ዳይፒሪዲል (ብረት ጠፍሮ የሚይዝ ኬሚካል) ጨምረሽ ብረት አሳጪው፣ ሶድ-ቢ በደቂቃዎች ውስጥ ሲወርድ ታያለሽ። ብቻ የመስታወት ዕቃውን በአሲድ እጠቢ ወይም ፕላስቲክ ተጠቀሚ። እዚያ ላይ የምትቀር ብረት ስንቱን ሙከራ በልታለች!

ማርታ፦ ሶድ-ኤ ጨምሯል! ተባረኩ። ቀጥሎ ወደ ሌላ ባክቴሪያ፣ ወደ ፕሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ልሄድ ነው፣ ራይ-ቢ እዚያም አለች?

ዮናስ፦ በቅደም ተከተል እሷን የምትመስል ፈልገሽ አታገኚም፣ ሥራዋን የሚሠሩት ፒአርአርኤፍ-1 እና 2 የተባሉ ትናንሽ አር ኤን ኤዎች ናቸው። ጎን ለጎን የተቀመጡ መንታ ማለት ይቻላል፣ እነሱንም ፉር ያፍናቸዋል። አንዷን ብቻ ካጠፋሽ ሌላዋ ትሸፍንላታለችና ሁለቱንም ባንዴ አጥፊ። የቲቢ ባክቴሪያ ላይ ከደረስሽ ደግሞ ይህን ሥራ የሚመራው አይዲ-አር የተባለ ሌላ ፕሮቲን ነው፣ ፉር አይደለም። ጂኑን ላጥፋ ብለሽ እንዳትነሺ፣ ባክቴሪያው ያለሱ አይኖርም።