አባይ በረሃ ስንወርድ ልቤ ልትወጣ ትደርሳለች፤ ምን ይሻለኛል?

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። 29 ዓመቴ ነው፤ ማርቆስ ልብስ እሸጣለሁ። ዕቃ ለማምጣት በየወሩ መርካቶ እመላለስ ነበር። ከአራት ወር በፊት ደጀንን አልፈን አባይ በረሃን መውረድ ስንጀምር ልቤ ድንገት ድው ድው አለ። ትንፋሽ አጠረኝ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ጣቶቼን ወረረኝ፣ ከንፈሬ ደነዘዘ። በቃ ልሞት ነው ብዬ ረዳቱን "አውርደኝ" አልኩት። ድልድዩ ጋ ሳንደርስ ለቀቀኝ። ከዚያ ወዲህ ሱቅ ውስጥም ሁለት ጊዜ መጥቶብኛል። አንዴማ ለደንበኛ መልስ ስቆጥር እጄ ተንቀጥቅጦ ብሩ መሬት ላይ ተበተነ። ሐኪም ቤት ሄጄ ኢሲጂ የሚሉትን የልብ ምርመራ ተነሳሁ፣ ግፊት ተለካሁ፤ "ምንም የለብህም" ብለው ሸኙኝ። ምንም ከሌለብኝ ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? እናቴ የሰው ዓይን ነው ትላለች። አሁን ዕቃ የማስመጣው በሰው ነው፤ ትርፉ ሁሉ እዚያው ቀረ።

መልስ (ነርስ፣ ከፍኖተ ሰላም)፦ ወንድምዓለም፣ አይዞህ። በመጀመሪያ "ምንም የለብህም" ማለት ልብህ ደህና ነው ማለት እንጂ ስሜቱን ፈጠርከው ማለት አይደለም። ቢያብራሩልህ ጥሩ ነበር። የነገርከን ነገር ድንገተኛ የጭንቀት ማዕበል ይመስላል፤ በሕክምናው ፓኒክ አታክ ይሉታል። ሰውነት አደጋ መጣ ብሎ አድሬናሊን ይለቃል፤ ልብ የሚፈጥነው ለዚህ ነው። ቶሎ ቶሎ ስትተነፍስ ደግሞ ደምህ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል። ጣትህን የወረረህ፣ ከንፈርህን ያደነዘዘህ እሱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ 10 ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ጣሪያ ይነካና ይወርዳል። አንተም ድልድዩ ጋ ሳትደርስ ነው የለቀቀህ፣ አይደል?

ሲመጣብህ አየር ለመሳብ አትታገል። በአፍንጫህ ቀስ ብለህ እስከ አራት እየቆጠርክ አስገባ፣ እስከ ስድስት እየቆጠርክ አስወጣ። ዋናው ማስወጣቱ ላይ ነው። እጅህን እምብርትህ ላይ አድርግ፤ ከደረትህ ይልቅ ሆድህ ከፍ ዝቅ ሲል ይሰማሃል።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ደም ተመርምረሃል? የእንቅርት ዕጢ (ታይሮይድ) ሥራ ሲበዛ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ያልባል፣ ሰው ይከሳል። የደም ማነስም ልብ ያስመታል። እነዚህን አስመርምር። ደረትህን ተጭኖ የሚይዝ፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ካለ፣ ዳገት ስትወጣ የሚብስ ከሆነ፣ ወይ ራስህን ከሳትክ ግን ጭንቀት ነው ብለህ ቤት አትቀመጥ፤ ያኔውኑ ሐኪም ቤት ሂድ።

መልስ (ከቢቸና)፦ እኔን ሦስት ዓመት ተጫውቶብኛል። በመጀመሪያ ገበያ መሄድ ተውኩ፣ ቀጥሎ ቅዳሴ፣ በኋላ ለቅሶ እንኳ መድረስ አቃተኝ፤ ሰው ኮራች አለኝ። በሸሸሁት ቁጥር ፍርሃቱ ይፋፋል እንጂ አይቀንስም ነበር። ዕቃ በሰው ማስመጣትህ ያሳሰበኝ ለዚህ ነው። እኔን ያወጣኝ በትንሽ በትንሹ መመለስ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ቆምኩ፣ በሚቀጥለው በሩ ጋ፣ ከዚያ ውስጥ ገባሁ። መጣብኝ፣ ግን አልወጣሁም፤ ዓምዱን ተደግፌ ቆየሁና አለፈ። አንተም በመጀመሪያ እስከ ደጀን ብቻ ሄደህ ተመለስ። ሌላው፣ ቡና ስንት ትጠጣለህ? እኔ ከአቦል እስከ በረካ ሳልጠጣ አልነሳም ነበር። አሁን አቦሏን ብቻ፣ እሷንም ጠዋት። እንቅልፍ እንዲወስድህ ብለህ አረቄ እንዳትጀምር፤ ማታ ያስተኛህና ጠዋት ጭንቀቱን አብሶ ያመጣብሃል።

መልስ (ከሞጣ)፦ እናትህን አትቆጣቸው፤ ስለሚወዱህ ነው። የእኔም እህት ጠበል ገብታለች፣ ሰላምም አግኝታበታለች። ስህተታችን የታዘዘላትን መድኃኒት በአንድ ቀን ማስጣላችን ነው፤ በሳምንቱ ማዞር፣ መነጫነጭ፣ እንቅልፍ ማጣት መጣባት። ኋላ የንስሐ አባቷ ራሳቸው "ጠበሉንም ጠጪ፣ ኪኒኑንም ዋጪ" አሏት። ሐኪም መድኃኒት ካዘዘልህ ለውጡን በሁለትና በሦስት ቀን አትጠብቅ፤ ሳምንታት ይወስዳል። ያለ ትእዛዝ ዳያዚፓም የሚባለውን ማረጋጊያ ኪኒን ግዛ የሚልህን ደግሞ አትስማ። ሱስ ይሆናል።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እንቅልፍ ካጣሁ ቆይቼ ነበርና ትናንት እንዳነበብኳችሁ ተኛሁ። ቡና በቀን ስድስት ሲኒ ነው፤ ቆጥሬው አላውቅም ነበር። ነርሷ፣ ክብደቴ በእርግጥ ቀንሷል፤ ቀበቶዬን ሁለት ቀዳዳ አጥብቄያለሁ። ሐሙስ ከወንድሜ ጋር እስከ ደጀን ልሞክር ነው።

ነርሷ፦ እንግዲያው ከሐሙስ በፊት ደሙን ስጥ። ለሐኪሙ መክሳትህንም፣ የእጅህን መንቀጥቀጥም ንገረው፤ የታይሮይድ ምርመራ እንዲያዝልህ ጠይቅ። ውጤቱን እዚሁ ጻፍልን፤ እጠብቃለሁ።