ቡታጋዙ ሳያልቅ እሳቱ የሚደክመው ለምንድን ነው?

ብርዳሟ፦
ሰላም ቤቶች። ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው፤ የዚህን አገር የኅዳር ጠዋት የቀመሰ ያውቀዋል። ለብዙ ሰው ወጥ ስሠራ መጀመሪያ እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ይንበለበላል፣ ቆይቶ ግን እየደከመ እየደከመ ይመጣና ሽንኩርቱ አልቁላላ ይለኛል። ሲሊንደሩን ሳየው ከወገቡ በታች በላብ ርሷል፣ ስነካው እጅ ያደነዝዛል። አልቋል እንዳልል ሲነቀነቅ ውስጡ ይንቦጫቦጫል። ጎረቤቴ "ውሃ ቀላቅለው ሸጠውልሽ ነው" አለችኝ። ሌላዋ ደግሞ የፈላ ውሃ ድፊበት ትላለች። ጋዝ ከተባለ ፈሳሹ ከየት መጣ?

ቾክ በእጁ፦
ውሃ አይደለም፣ ራሱ ቡታጋዙ ነው። ብርሃን የሚያሳልፍ ላይተር አንስተሽ ብታዪ ውስጡ የሚንቀሳቀሰው ፈሳሽ ያው የእሱ ዘመድ ነው። ቡታጋዝ የሚባለው ቡቴን ወይም የቡቴንና የፕሮፔን ድብልቅ ነው። ቡቴን በባሕር ጠለል ግፊት የሚፈላው ከዜሮ በታች 0.5 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ፕሮፔን ደግሞ ከዜሮ በታች 42። ስለዚህ ክፍት ቦታ ላይ ጋዝ ናቸው፤ ሲሊንደር ውስጥ ግን ግፊቱ ስለሚያጭቃቸው ፈሳሽ ሆነው ይቀመጣሉ። ፈሳሹ ሲተን ከ200 እጥፍ በላይ ይሰፋል፣ 12.5 ኪሎው በዚያች ትንሽ ብረት የሚገባውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ እሳትሽ። ቫልቩን ስትከፍቺ ከላይ ያለው ጋዝ ይወጣል፣ ከታች ያለው ፈሳሽ ደግሞ እየፈላ ይተካዋል። ለመትነን ሙቀት ይፈልጋል፤ የሚወስደው ከራሱ፣ ከብረቱና ከዙሪያው አየር ነው። በትልቅ እሳት ለረጅም ጊዜ ስትሠሪ አየሩ መልሶ ከሚያሞቀው ፍጥነት በላይ ይቀዘቅዛል። ሲቀዘቅዝ ትነቱ ይቀንሳል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ እሳቱም ይደክማል። የአገርሽ ብርድ ደግሞ ያባብሰዋል። በድብልቁ ውስጥ ፕሮፔን ካለ እሱ ቀድሞ ስለሚተን ወደ ማለቂያው ሲደርስ ይብሳል።

ላቡ ከውስጥ የወጣ እንዳይመስልሽ። በአየር ውስጥ ያለው እንፋሎት ቀዝቃዛው ብረት ላይ ሲያርፍ ጤዛ ይሆናል። ደረቁና እርጥቡ የሚለዩበት መስመር ፈሳሹ የደረሰበትን ከፍታ በግምት ያሳይሻል።

ሚዛን አይዋሽም፦
ያለቀና ያላለቀ በመነቅነቅ አይለይም። የባዶው ክብደት ብረቱ ላይ ተቀርጿል፤ መዝነሽ ቀንሺ፣ በቃ። ተጭበርብሬያለሁ ብለሽ ከመጣላትሽ በፊት ማለቴ ነው 😄

ብርዳሟ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ጎረቤቴን ላስታርቃት ነው 😂 የፈላ ውሃውስ? ብቻ ከምድጃው ጠጋ ባደርገውስ?

ቾክ በእጁ፦
ሁለቱንም ተዪ! ግፊቱ ከሙቀት ጋር ይወጣል፤ ፈሳሹም ራሱ ሲሞቅ ይሰፋል። ሲሊንደር እስከ አፉ የማይሞላው፣ 80 በመቶ ገደማ ላይ የሚቆመው ለዚህ ነው። እሳቱን ቀንሺ፣ ወይም ሥራውን ለሁለት ሲሊንደር አካፍዪው። ሞላ ያለው ከተጋመሰው ይሻላል፣ ምክንያቱም ፈሳሹ የሚነካው ብረት ሰፊ ነው።

የጓዳ ሰው፦
አንድ ነገር ልጨምር። እሳቱ ሲደክም ሲሊንደሩን የሚያጋድሙ አሉ። በጭራሽ! ሲጋደም በጋዙ ፈንታ ፈሳሹ ወደ ሬጉሌተሩ ይሄዳል፣ ከዚያ የሚወጣው ነበልባል ቁጥጥር የለውም።

እፍግታውንም አትርሱ። ፕሮፔን ከአየር 1.5 ጊዜ፣ ቡቴን 2 ጊዜ ገደማ ይከብዳል፤ ስለዚህ ካፈሰሰ እንደ ጭስ ወደ ጣሪያ አይወጣም፣ ወለል ላይ ይተኛል። ከፍ ያለች መስኮት መክፈት ብቻውን አይበቃም። ቫልቩን ዝጊ፣ በሩን ወለል አድርገሽ ክፈቺ፣ መብራት አታብሪም አታጥፊምም። ሲሊንደር ምድር ቤት ወይም ጉድጓድ ያለበት ቦታ የማይቀመጠውም ለዚሁ ነው። መገጣጠሚያው ያፈስ እንደሆነ ለማየት የሳሙና አረፋ ቀቢበት፤ አረፋው ካበጠ ይተነፍሳል ማለት ነው። በክብሪት የሚፈትሹ አሉ፣ እነሱን አያድርገን።